ከበሩ ወዲያ የሚሸጥ ፋኖስ

ታርኖቭ፣ እሑድ፣ ኖቬምበር 5

ውድ ሪሼክ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ጉልበትህ ተሽሎት፣ የመርከብ መሥሪያው ንፋስም ትንሽ ራርቶልህ ይሁን። የላክሁልህን የሱፍ ካልሲ አድርገው፤ ለበዓል ብለህ ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጠው። እኔ ደህና ነኝ። ጣቶቼ ገና ከብርዱ አልተፍታቱም፣ ጽሕፈቴ ቢጣመም ታገሠኝ። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን እኔና አንተ በስልክ ስለ አየሩና ስለ ቤቱ ማሞቂያ አውርተን እንዘጋዋለን። ጽሑፍ ይሻላል። ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፣ አንተም ቀስ ብለህ ታነበዋለህ።

የቅዱሳን ቀን ዘንድሮ አልዘነበም፣ ሰው ሁሉ ለሙታኑ ፋኖስ ሊያበራ ወጥቶ ገበያው ጥሩ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ከመቃብሩ በር በስተግራ ከእትዬ ስታሻ ጋር ተደርድረን ዋልን፤ እሷ አበባውን፣ እኔ ፋኖሱን። እትዬ ስታሻ ጥርሷ ቢያልቅም አፏ አላለቀም። አንድ ጥሩ ካፖርት የለበሰ ሰው መጥቶ በባትሪ የሚሠራ፣ ክረምቱን ሙሉ የሚበራ ፋኖስ እንዳለኝ ጠየቀኝ።

«ለማን ነው?» አለችው እሷ ቀድማኝ።

«ለእናቴ።»

«ባትሪው እሷ እንዳይጨልምባት ነው ወይስ አንተ እስከ ፋሲካ እንዳትመጣ?»

ሰውየው ቀልቶ ሳቀ፣ ሁለት የሰም ፋኖስ ገዝቶ ገባ። «ገበያዬን ልታበላሺብኝ ነው» ብላት፣ «የባትሪው አንድ ጊዜ ይሸጣል፣ የሰሙ ግን እንደገና ያመጣዋል፤ ንግድ አታውቂም» አለችኝ።

የአባትህን መቃብር አጥቤ አበባ አድርጌበታለሁ። የቲሜክንም። ነጩን ሳይሆን ቢጫውን አበባ ነው ያደረግኩለት፤ ነጭ አይወድም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ልጃገረዶች ፊቴ ቆመው ያዩኝ ጀመር። ያልከፈሉኝ መስሎኝ ነበር። አንዷ፣ «የቲሜክ እናት ነዎት አይደል? ቪዲዮውን አይተናል። እኛም ፋኖሱን ገዝተናል» አለችኝ። ቲሜክ ይጫወተው የነበረው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ያለውን ማለቷ ነው። ደስ እንዲለኝ ብለው ነው። አብሬያቸው ፎቶ እንድነሣ ጠየቁኝ፣ ተነሣሁ። ሲሄዱ እትዬ ስታሻ አበባዋን እያስተካከለች፣ «እኔ አሁን ገባኝ፤ እነዚህ የማይጨበጥ ፋኖስ ገዝተው፣ የሚጨበጠውን አልፈው ሄዱ። አንቺ ደግሞ ለሁለቱም ቆመሽ ትሸጫለሽ» አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው። ከእኔ ጆሮ ግን ቀኑን ሙሉ አልወጣም።

ስለዚህ ስለ ቪዲዮው ልንገርህ። አንተ የምታውቀውንም እደግመዋለሁ፤ ካልደገምኩት ነገሩ ይጠፋብኛል።

ቲሜክ ክራኮቭ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጨዋታው ውስጥ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ባለው ኮረብታ አግዳሚ ወንበር ሠርቶ እንደነበር ታስታውሳለህ። «ከዚህ ሁሉም ነገር ይታያል» ይል ነበር። ከሞተ በኋላ አይቷቸው የማያውቃቸው፣ በድምፃቸው ብቻ የሚያውቃቸው ጓደኞቹ በቅዱሳን ቀን እዚያ ወንበር ላይ ፋኖስ አኖሩለት። ማንም አላዘዛቸውም። ከዚያው ከጨዋታው ጫካ ሙጫና ሰም ለቅመው በራሳቸው የሠሩት ነው። እኔና አንተ በእሱ ኮምፒውተር ፊት ቆመን ነው ያየነው። አንተ በእጅጌህ ፊትህን ስትጠርግ ያላየሁ መሰልኩ።

ከዚያ ጨዋታውን የሠራው ኩባንያ መጣ። በቲሜክ ስም ፋኖስ እንሠራለን፣ ሰው ይገዛል፣ ገንዘቡ እሱ ተኝቶበት የነበረውን የሕፃናት ክፍል ይረዳል አሉን። ሁለታችንም ወድደን ፈረምን። ደግሞም ረድቷል፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። እኔ ወንበር ላይ፣ አንተ ካፖርትህን አንጥፈህ መሬት ላይ የተኛንበት ኮሪደር ዛሬ ለእናቶች ተጣጣፊ አልጋ አለው። እኔ ራሴ አይቻለሁ፣ አንሶላውንም ዳስሻለሁ።

ታዲያ በሴፕቴምበር መጨረሻ ለዘንድሮው ሽያጭ ቪዲዮ እንድቀረጽ ክራኮቭ ጠሩኝ። የምታስተናግደኝ ማርቲና የምትባል ልጅ ናት። ክፉ አይደለችም። ካፖርቴን ተቀብላ ሰቀለችልኝ፣ ባልዲ በሚያክል ኩባያ ሻይ አመጣችልኝ፣ እጄንም ይዛ ስለ ቲሜክ ጠየቀችኝ። ከዚያ የምናገረውን ሰጠችኝ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ፋኖስ በገዛችሁ ቁጥር ሕፃናቱን ትረዳላችሁ።»

«የሚከፍሉት ሁሉ ነው የሚደርሰው?» ብዬ ጠየቅኳት። ለማጣራት እንጂ ለክርክር አልነበረም።

«ሁሉም አይደለም፣ ወይዘሮ ዮላንታ። ከዋጋው ከአምስት እጅ አንዱ። እሱም ጣሪያ አለው።»

«ጣሪያ ማለት?»

«ኩባንያው በዓመት ለመስጠት የወሰነው መጠን አለ። እሱ ከሞላ በኋላ የሚገባው ለሥራው ወጪ ይሆናል።»

«አምና መቼ ሞላ?»

ትንሽ አሰበች። «በሁለተኛው ቀን መሰለኝ። በጣም ደስ የሚል ነበር።»

ሪሼክ፣ ፋኖሱ ወሩን ሙሉ ነው የሚሸጠው። ደብቃ ቢሆን እጮህ ነበር። ምንም አልደበቀችም። ገጹን ከፍታ አሳየችኝ፤ እታች በትንንሽ ፊደል ሁሉም ተጽፏል። ሌባ ቢሆኑ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ፋኖሱ በሳምንቱ ይጠፋል፣ ሌላ መግዛት ያስፈልጋል። «ለምን?» ብላት «እንደ እውነተኛው እንዲሆን» አለችኝ። የጓደኞቹ የሙጫ ፋኖስም ኩባንያው ከመጣ ወዲህ ኮረብታው ላይ አይበራም። ሌላ ቦታ ይበራል፣ እዚያ ግን አይበራም። ስለ እሱም ጠየቅኳት። «ቦታው ተጨናነቀ፤ ሥርዓት ለማስያዝ ነው» አለች።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ተናገርኩ። «እኛ ዘንድ ከመቃብሩ በር ወዲያ አይሸጥም» አልኳት።

ፈገግ ብላ፣ «ግን እርስዎም ፋኖስ ይሸጣሉ አይደል?» አለችኝ። ልታሳፍረኝ ብላ አይደለም፤ የሚያገናኘን ነገር ያገኘች መስሏት ነው። ለቲሜክ ጫማ የገዛሁት፣ ወደ ክራኮቭ የተመላለስኩበትን የባቡር ትኬት የቆረጥኩት በፋኖስ ነው። ምን አፍ አለኝ?

ቢሆንም፣ «የምሸጠው ከበሩ ውጭ ቆሜ ነው። ከገባ በኋላ ሰው ከየት እንዳመጣው አይጠየቅም። አመሻሹ ላይ ደግሞ ያልተሸጠውን ይዘን እንገባና ማንም ያልመጣላቸው መቃብሮች ላይ እናበራዋለን» አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዴት ያምራል» አለች፣ ጻፈችውም። በልቤ ገባት ብዬ ነበር። በቅዱሳን ቀን ጨዋታውን ስከፍት ሁለተኛ ፋኖስ ለሽያጭ ወጥቷል፤ «የተረሱት ፋኖስ» ይላል። ከቲሜክ ትንሽ ይረክሳል።

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። መብራት አብርተው አስቀመጡኝ። ስለ ቲሜክ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። «ፋኖስ በገዛችሁ ቁጥር» የሚለው ላይ ስደርስ ግን አፌ ቆመ። እምቢ ልል አስቤ አልነበረም፤ ዝም ብሎ ቆመ። እጆቼን አየሁ። ደግሜ ሞከርኩ፣ እዚያው ቆመ። እኔ አበላሸሁት፣ ይጥሉታል ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አልጣሉትም። ዝምታውን እንዳለ አስቀርተው ከሥሩ ፒያኖ አስገቡበት። ከዝምታው በኋላ ያን ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ አወጡት። ሰው ሁሉ አለቀሰ አሉኝ። እንደ ዘንድሮ ተሸጦ አያውቅም። ያልተናገርኩትም ተሸጠ፣ ሪሼክ። ለእነሱ ያልኩት ሁሉ፣ ያላልኩትም፣ እዚያ ሲደርስ ዕቃ ይሆናል።

በዚያው በቀረጻው ቀን፣ ባቡሬ ገና ስለነበር፣ ወደ ሆስፒታሉ ሄጄ ሲስተር ቦጉሚላን አገኘኋት። ያችው ናት፤ አንተን «እርስዎ ትልቁ በሽተኛ» እያለች ሾርባ የምትሰጥህ። ይህን ነገር ማቆም እንደምፈልግ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እጄን ይዛ ወደ ሁለተኛው ኮሪደር ወሰደችኝ፤ አልጋው ገና ያልደረሰበት ነው። አንዲት እናት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ግንባሯን የልጇ አልጋ ብረት ላይ አስደግፋ ተኝታለች። ጫማዋን አውልቃለች። ካልሲዋ ተረከዙ ላይ ተቀዷል።

«ዮላ፣ ከማን እጅ እንደሚመጣ እኔ አልጠይቅም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከመንግሥት ከሆነ ለሚመጣው ዓመት ይሉኛል። የሚመጣው ዓመት ሲመጣ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ይሉኛል። ላቁመው ካልሽ መብትሽ ነው፣ እኔ አልቀየምሽም። ግን ለእሷ አንቺ ንገሪያት።»

«ተኝታለች እኮ» አልኳት።

«ስትነቃ ትነግሪያታለሽ። ሻይ ላምጣልሽና ጠብቂ።»

አልጠበቅኩም። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። አንገቷ እንዴት ሆኖ እንደሚነቃ አውቀዋለሁ፤ ያ ወንበር እስከ ዛሬ በዝናብ ቀን አንገቴን እያሳመመ ራሱን ያስታውሰኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ያኔ የፈረምነው ውል በዚህ ዓመት መጨረሻ ያልቃል። አዲስ አዘጋጅተዋል። ይኸኛው ዓመት የለውም፣ ለዘለቄታው ነው። ስሙ፣ ፎቶው፣ ድምፁም። ድምፁን ከየት አገኙት እንዳትለኝ፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት የተቀዳ ነው፣ እነሱ ጋ ቀርቷል። አንድ ሰው ፋኖሱን ገዝቶ ሲያበራ ቲሜክ እንዲስቅ ይፈልጋሉ።

ማርቲና ባለፈው ወር ከውሉ ጋር እዚህ ታርኖቭ ድረስ መጥታ ነበር። ወጥ ቤታችን ተቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ያ ሳቁ ነው፣ ሪሼክ። አንተ ድንቹን እየላጥክ ያንን የአለቃህን አነጋገር ስታስመስል የሚስቀው፣ መጨረሻው ላይ እንደ መሰንጠቅ የሚለው። አየር አጥሮት ማሳል ከመጀመሩ በፊት ያለው ሳቅ። ልክ እንዳለቀ «አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ። እንደገና አልኳት። ከዚያ ስልኳ ላይ አንድ ነገር ስትጽፍ አየኋት። «ለአለቆቼ ነው። እናትየዋ ወድደውታል እያልኳቸው ነው» አለችኝ።

አልወደድኩትም አልልህም። እሱ ነው ችግሩ። ሰው በየመንደሩ ከፍሎ እንዳያስቀው እፈልጋለሁ፤ እኔ ደግሞ እንዳይጠፋብኝ እፈልጋለሁ። «ሳቁን ለእኔ ብቻ ብትሰጡኝስ?» አልኳት። የውሉ አካል እንደሆነ፣ ለብቻው መስጠት እሷ የምትወስነው እንዳልሆነ ነገረችኝ። ጎመን በእንጉዳይ ሠርቼ ነበር፣ አበላኋት። ምን ላድርግ፣ ልጅ ናት፣ ከሩቅ መጥታለች።

«ካልፈረምንስ?» ብዬ ስሸኛት በር ላይ ጠየቅኳት።

«ማንም አያስገድዳችሁም። ሽያጩ ይቆማል፣ ኮረብታውም ወደ ነበረበት ይመለሳል።»

«ወንበሩስ?»

«ወንበሩም ይነሣል፣ ወይዘሮ ዮላንታ። ስሙ አለበት እኮ።»

ይህን ስትል ደረጃው ላይ ያለው መብራት ጠፋብን፤ ለማብሪያው የቀረብኩት እኔ ነበርኩ፣ ቶሎ አላበራሁትም።

ስለ ኮረብታው አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዴ እሑድ ከምሳ በኋላ በቲሜክ ኮምፒውተር እገባለሁ። የራሴን የጨዋታ ሰው መሥራት ስለማልችል በእሱ ሰው ነው የምገባው፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርቱን በለበሰው። መሮጥ አልችልበትም፤ አንድ ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ውኃ ውስጥ ገብቼ መውጣት አቅቶኝ አንድ የማላውቀው ልጅ ጎትቶ አወጣኝ። አሁን መንገዱን ለምጄዋለሁ። እወጣና ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። ፋኖስ አልገዛም። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

እዚያ እሑድ እሑድ የሚመጣ አንድ ሰው አለ። ወፍራም፣ ጺማም ነው፤ ራሱ ላይ ባልዲ አጥልቋል። አባቱን እንዲህ ያለ ሞኝ ነገር የሚያለብስ አንድ ልጅ ብቻ ነበር የማውቀው። የመጀመሪያ ቀን ቢጫውን ካፖርት ሲያይ ቆሞ ቀረ፣ ከዚያ ቁልቁል ሮጠ። ሳላስበው አስደንግጬው ከሆነ ይቅር ይበለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ግን መጣ። ከሩቅ ቆመ። ቆይቶ ቆይቶ ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ፣ እኔ ከዚህ፣ እሱ ከዚያ። እዚያ መጻፍ ይቻላል፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። እሱ አልጻፈም፣ እኔም አልጻፍኩም። ፀሐይዋ እስክትገባ ተቀመጥን። ጨዋታው ውስጥ ፀሐይ ቶሎ ነው የምትገባው።

ማን እንደሆነ አልጠይቅም። ብቻ ወንበሩ ከተነሣ ያ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ብንፈርም ልጃችን እስከ ዓለም ፍጻሜ እየሳቀ ይሸጣል። ባንፈርም ያቺ ሴት ግንባሯን ብረት ላይ አድርጋ ትተኛለች፣ ወንበሩም ይነሣል። በየትኛውም በኩል ብወጣ የምረግጠው ሰው አለ። ለካህኑም ነገርኳቸው፤ እንደሚጸልዩልኝ ነገሩኝና የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ መዋጮ አስታውሰው ሸኙኝ። እትዬ ስታሻ ደግሞ፣ «ባል ያለው ሰው እኔን ምን ይጠይቀኛል?» አለችኝ።

ውሉን አጥፌ ከዚህ ጋር አስገብቼዋለሁ። የሁለታችን ፊርማ ካልሆነ አይጸናም ብለዋል። የእኔ ቦታ ባዶ ነው። አልፈረምኩትም፣ አልቀደድኩትምም። ብትፈርም አልቆጣህም። ብትቀደውም አልቆጣህም። ብቻዬን ግን አንዱንም አላደርግም፤ ልጁን ብቻዬን አልወለድኩትም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። በፖስታ አትመልሰው። ፖስታው በዚህ ወቅት ይዘገያል፣ ደግሞም ይጠፋል። ከገና በፊት ባለው ዓርብ ነው የሚፈልጉት። ይዘኸው ና። ተፈርሞም ይሁን ተቀድዶ፣ ወይም እንዳለ፣ አንተው ይዘኸው ና። ማሞቂያውን የትልቁን ክፍል ጭምር አስጠግኜዋለሁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጠውና አብረን እናየዋለን። ወደ ክራኮቭ ሄደን ያችን ሴት እንነግራት እንደሆነም አብረን እንነግራታለን።

እግዚአብሔር ዓይንህን ከብረት ፍንጣሪ፣ ደረትህን ከዚያ ንፋስ ይጠብቅልህ። ከፍታ ላይ ስትሠራ ገመዱን አትርሳ። የምትበላው ትኩስ፣ የምትተኛበት ደረቅ ይሁንልህ።

ያንተው
ዮላ

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዛሬ እሑድ ነው። ደብዳቤውን ስጽፍ ጊዜው ሄደብኝና ኮረብታው ላይ አልወጣሁም። ባልዲ ያጠለቀው ሰው ጠብቆኝ ከሆነ፣ የቀረሁት በዚህ ምክንያት ነው።